የኮክ አስተርጓሚ

አለቃዬ ሻዩን ሳስቀምጥለት ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ኮክ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አውቃለሁ፣ ክረምት ላይ ይደርሳል፣ ሲበስል ልጣጩ ይቀላል፣ አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ካለው የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ቀዳዳ የበዛበት ግራጫ ድንጋይ አወጣና ፊቴ አስቀመጠ።

«ይኼ ነው» አለ።

የድንጋይ ከሰል አየር በማይገባበት ምድጃ ሲጋገር ጭሱ ይወጣለትና ኮክ ይሆናል። ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች የሚያነዱት እሱን ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ቢሮው አቡ ዳቢ፣ አል ሪም ደሴት ላይ፣ ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ሥራዬ ሻይ ማቅረብና ማጽዳት ነው። ከዚያ በፊት አል ዐይን ውስጥ በአንዲት ማዳም ቤት ስድስት ዓመት ልጆች አሳድጌአለሁ። ዐረብኛዬም የዚያ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ስለ ሩዝ፣ ስለ ልብስና ስለ ሕፃን ትኩሳት ያለ ችግር እናገርበታለሁ። አለቃዬ ግን ኮክ ገዢ ከኢትዮጵያ እንደሚመጣ ሲሰማ አስተርጓሚ አደረገኝ። እንግዳው እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ የአለቃዬ እንግሊዝኛ ግን ከ«ኖ ፕሮብሌም» አያልፍም።

የመጡት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ኢንጂነር ነበሩ፤ በሐምሌ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። ፋብሪካቸው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ነው፤ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ የማሽን ዕቃ ያወጣል። ኮኩን አገር ውስጥ ስለማያገኙት ከባሕር ማዶ ያስመጣሉ።

አለቃዬ ስለ ዕቃው ብዙ ተናገረ። «ክብሪቱ ትንሽ ነው ይላል» አልኩ።

«ድኝ ማለቱ ነው፤ በዐረብኛ የሁለቱም ስም አንድ ነው» አሉኝ ኢንጂነሩ። «ቀጥይ፣ እህቴ፤ ጎበዝ ነሽ።»

ከማሰሮው አንዱን አንሥተው በእስክሪብቶ መቱት። እንደ ብረት ጮኸ። ደስ አላቸው።

«የኮኩን ክምር ልየው በይልኝ።»

አለቃዬ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፀሐዩም ይጎዳቸዋል አለ። ነገርኳቸው። «የመጣሁት ለአንድ ማሰሮ አይደለም» አሉ። ይህንንም ነገርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን በአለቃዬ መኪና ወደ አል ዐይን ሄድን። ክምሩ ያለው ከከተማው ዳር፣ ጋራዦችና መጋዘኖች በሚበዙበት ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነበር። ከበሩ በኩል ሲያዩት የሚያምር ነው፤ ድንጋዮቹ ቡጢ ያህል፣ ደረቅና ግራጫ ናቸው። አለቃዬ በእጁ አሳየን። ኢንጂነሩ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ከአንድ ሠራተኛ አካፋ ተቀብለው ከክምሩ በስተኋላ ዞሩ። እኛም ተከተልናቸው።

ሦስት ጊዜ ያህል እንደቆፈሩ ጥቁር ጭቃ ወጣ። በመዳፋቸው ጨመቁት። ውሃ ተንጠባጠበ።

«ዝናብ ነው በያቸው» አለኝ አለቃዬ።

«ዝናብ ነው ይላል።»

ኢንጂነሩ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። እኔም አየሁ። አንዲት ዳመና አልነበረችም።

«መቼ?»

ጠየቅኩት። «በፊት ነው ይላል» አልኳቸው።

እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ ክብደትም ይጨምርላቸዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገዝተን ነበር። ከኮኩ የተፈረፈረው ዱቄት አየሩን ዘጋውና ብረቱ ምድጃው ውስጥ ረጋ። ለማስለቀቅ ብዙ ቀን በመዶሻ ፈለጥን። የቀለጠ ብረት ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይፈነዳል። አንድ ሠራተኛችን ዓይኑን ያጣው ያኔ ነው። ግዥውን የፈረምኩት እኔ ነበርኩ።»

ይህን በየትኛው ዐረብኛ እንደምለው አላውቅም ነበር። «ምድጃቸው አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ኮክ ተበላሽቶ ሰው ዓይኑን አጥቷል» አልኩት።

አለቃዬ አዘነ። እውነቱን ነው፣ ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ያገራቸው ልጅ ነሽ፣ ያምኑሻል። ባለፈው ሳምንት ራስሽ መጥተሽ እንዳየሽው፣ ደረቅ እንደነበር ንገሪያቸው» አለኝ።

የኢንጂነሩ ኮት ክንዴ ላይ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ በአለቃዬ ስም ነው፤ ከተቆጣ «ኸላስ፣ በቃ» ብሎ ወደ አገሬ ሊመልሰኝ ይችላል።

«ባለፈው ሳምንት መጥተሽ እንዳየሽው፣ ደረቅ እንደነበር ንገሪያቸው ብሎኛል» አልኳቸው። «አልመጣሁም። ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ኢንጂነሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ምን አልሻቸው?» አለኝ አለቃዬ።

«ያልከኝን።»

«እሳቸውስ?»

ጠየቅኳቸው። ሁሉም በወንፊት ተነፍቶ ቡጢ የሚያህለው ብቻ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ እንደሚገዙ፣ ሥራው እስኪያልቅም ከዚያ ግቢ እንደማይነቃነቁ ተናገሩ። አለቃዬ ሌላ ገዢ አልነበረውም። «ኖ ፕሮብሌም» አለ። እሱን አልተረጎምኩም።

መንፋቱ አራት ቀን ፈጀ። አለቃዬ ወደ አቡ ዳቢ ሲመለስ እኔ ለማስተርጎም ቀረሁና በአንዲት የድሮ ጎረቤቴ ቤት አደርኩ። ኢንጂነሩ ከወንፊቱ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይውላሉ። አልፎ አልፎ አንዱን ድንጋይ አንሥተው ከትከሻቸው ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ይጥሉታል፤ ካልተሰበረ ወደ ክምሩ፣ ከተሰበረ ወደ ዱቄቱ። በሁለተኛው ቀን እኔም እጥል ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሳልጥል በድምፁ ብቻ መለየት ቻልኩ። በመሐሉ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፤ እኔም ዓይኑን ስላጣው ሠራተኛ ጠየቅኳቸው። አንድ ዓይኑ ደኅና ነው፣ አሁን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው፣ እሳቸውን ግን ሰላም አይላቸውም። «ልክ ነው» አሉ።

አለቃዬ ዐርብ ዕለት ሊወስደን መጣ። ፊቴ ከሰል መስሎ ነበር። ክምሩ በሲሶ ቀንሷል። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ለሚቀጥለው ጭነት ግን ኢንጂነሩ «እሷ ሳታይ አይጫን» ብለው ስለጻፉ የደኅንነት ጫማ ገዛልኝ። በሁለት ቁጥር ይሰፋኛል። ካልሲ ደርቤ አደርገዋለሁ።

ኮኩን የጫነው መርከብ ጅቡቲ ከደረሰ ከወር በኋላ፣ እሑድ ከአል ሙሽሪፍ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ላይ ቪዲዮ መጣ። አውቶቡስ ውስጥ ከፈትኩት። ቀይ ብረት በቦይ እየፈሰሰ ነው፤ ከጀርባው የኢንጂነሩ ድምፅ፣ «ይኸው፣ እህቴ» ይላል።

አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ነጠላ የለበሰች የአገሬ ልጅ አንገቷን አስግጋ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ብረት ነው» አልኳት።

እስከ መጨረሻው አብረን አየነው። ከዚያ የምኖርበት ሰፈር፣ አል ናህያን ደረስንና ወረድኩ።