ግድግዳችን ላይ የኖሩት ዓሦች

በውኃ የተማሰለ የስንዴ ዱቄት እሳት ላይ ሲንተከተክ ከሸተተኝ፣ ጺሜ የሸበተው እኔ ወዲያው ጂንካ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ወደነበረችው የጭቃ ቤታችን እመለሳለሁ። እናቴ በየዓመቱ በጋው ሲገባ ያንን ሙጫ እያበሰለች ግድግዳውን ጋዜጣ ታለብሰው ነበር። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ግን ጋዜጣ ጠፋ፤ አባቴ በዘበኝነት ቤቱን ይጠብቅለት የነበረው ፈረንጅ አገር ለቆ ሲሄድ አንድ ካርቶን መጽሔት ትቶለት ስለነበር፣ እሱን ለጠፈችው። መጽሔቱ ሁሉ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዓሣ ስለማኖር የሚያወራ ነበር።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ያ ግድግዳ ነው። ከመኝታዬ አጠገብ ያለውን ጋደም ብዬ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን በርጩማ ላይ ቆሜ፣ በተዋስኩት መዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነብ ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች አንዳንዱን ገጽ ገልብጣ ለጥፋው፣ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዋኙ ነበር፤ እሱንም አንገቴን ቆልምሜ አነበብኩት። እኔን የሚያህል አንባቢ በሰፈሩ አልነበረም፤ ዛሬም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ከነሪ ወንዝ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች በወንፊት ይዤ፣ ሱቅ ከረሜላ ይቀመጥበት በነበረ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አኖርኳቸው። በጂንካ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፤ የሚከራከር ካለ ይምጣ። አባቴ ግን «አሁን እነዚህ እራት ናቸው ወይስ ጎረቤት?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መሞት ጀመሩ። ከበሩ አጠገብ ያለው ገጽ ውኃ መቀየር እንደሚያስፈልግ ስለሚናገር፣ በየጠዋቱ ጠርሙሱን ጥርግ አድርጌ ደፍቼ ከቦኖ በቀዳሁት ቀዝቃዛ ውኃ እሞላው ነበር፤ እነሱም እንደ ተገለበጡት ሥዕሎች እየሆኑ ተንሳፈፉ። አንዲት ብቻ ስትቀር፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እናቴ አገኘችኝ።

«መጽሔቱ ምን ይላል፣ የእኔ ሊቅ?»

«‹ውኃውን ቀይሩ፣ ነገር ግን› ይላል።»

«ግን ምን?»

«ቀሪው ከጀርባው ነው፣ እማዬ። ሙጫ ውጦታል።»

«‹ግን› ብሎ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው!»

እሁድ እህቴን ታደለችን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር፤ እናቴ ግድግዳው ለዚያ ቀን እንዲያምርላት ስትጠነቀቅለት ከርማለች፣ ለመጠገኛም አንዲት ገጽ አልተረፈችም። ግድግዳውን አየች፣ ዓሣዋን አየች፤ ከዚያ ጨርቅ በሞቀ ውኃ እየነከረች፣ ወረቀቱን እያረጠበች፣ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ታላቅቀው ጀመር።

«አንቺ፣ ለሽማግሌ ጭቃ ልታሳዪ ነው?» አለ አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ።

«ጭቃ አይተው አያውቁም?»

የጀርባው ጽሑፍ ግማሹ ተበልቶ ነበር፤ የተረፈው ግን በቃኝ። ለካስ ውኃው ሁሉ አይደፋም፣ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ይተካል እንጂ። ያቺ ዓሣ ዳነች።

እሁድ እናቴ ጠርሙሱን ጭቃው በገጠጠበት ቦታ ፊት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ልብም አላሉት። አንደኛው ጎንበስ ብለው «ይቺ ደግሞ ለምን ትሆናለች?» ሲሉ፣ እናቴ «ለመታየት ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ዓሣዋን ካሳያችሁን ታዲያ ልጅቱን ምን አስደበቃችሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፣ ታደለችም ተዳረች። ጋብቻው በእኔ ዓሣ ሰመረ ብል አላጋነንኩም።

ዛሬ የቤቴ ግድግዳ ቀለም የተቀባ ነው፤ እውነተኛ የዓሣ ሣጥንም አለኝ፣ ከካንጋተንና ከሃና ከተሞች የመጣ እንግዳም ሳያየው አይሄድም። የታደለች የልጅ ልጅ ስለ ዓሣ የፈለገችውን በስልኳ ታነባለች፤ በጣቷ ዳሰስ ስታደርገው ቀጣዩ ገጽ ከተፍ ይላል። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ እንደተማርኩ እነግራታለሁ፤ እውነትም ነው። ያቺን አንዲት ገጽ ግን የገለጠችልኝ እናቴ ናት።