የአርፋጆች አለቃ

ቲቸር ስርጉት አሶሳ ከተማ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በደርግ ጊዜ ሰፈራ ከወሎ ከመጡ ገበሬዎች የተወለደች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት። ተማሪዎችን እንድታማክር የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ ቦርሳና ሰርተፊኬት ይዛ ስትመለስ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ማህጁብ የጠመኔ መጋዘኑን አስጠርገው ለቢሮ ሰጧት። በማግስቱ ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ አወጁላት፦ «የአእምሮ ችግር ያለባችሁ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ ቁጥር ዘጠኝ!»

ጉድ ፈላ። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት የሚሄደው እንኳ በዚያ በር ላለማለፍ በሜዳው ይዞራል። ስርጉት ሁለት ወር ሙሉ ከአይጥ ጋር ተፋጠጠች።

የአይጡስ ይሁን። አንጀቷን የበላቻት ኢንዓም ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ አንደኛ ትወጣለች፣ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ ምሳ መብላት ተወች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ቲቸር።»

ውሸታም! አምና ከምታስተምራቸው አንዱ እንዲሁ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለ ነው ትምህርቱን ጥሎ ደብዛው የጠፋው። ስርጉት ፈራች።

አንድ ጠዋት አርፋጆች በር ላይ ተንበርክከው ሲሳሳቁ አየች። ለካ እዚህ ግቢ መቀጣት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መመከር ነው! በቀጥታ አቶ ማህጁብ ዘንድ ገባች። «አርፋጆቹን ለእኔ ይስጡኝ፣ አሳያቸዋለሁ» አለች። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ፈቀዱ።

ከዚያ በየጠዋቱ ከማንጎው ሥር ችግኝ ታስኮተኩታቸዋለች። አቶ ማህጁብ ብቅ ሲሉ ልጆቹ ላይ ትጮሃለች፣ ሲሄዱ ታወራቸዋለች። መሬት እያየ የሚኮተኩት ልጅ አፉ ይላቀቃል። አንዱ እንቅልፍ አጣሁ ይላል፣ ሌላዋ አባቴ ከሞተ ወዲህ መጽሐፍ ስገልጥ እንባዬ ይመጣል ትላለች። አርፋጁ በእጥፍ ጨመረ።

«ቅጣትሽ ላልቷል!» አሉ አቶ ማህጁብ።

«ኧረ ችግኙ ነው የበዛው!»

ኢንዓም ግን ማርፈድ የት ታውቅና።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሰኞ፣ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስርጉት ከባጃጅ ወረደች። ዘበኛው ጋሽ ዳበሳ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ይነጫነጫሉ፦ «ይቺን ልጅ ግቢ ብላት፣ አልገባም!»

ኢንዓም ከውጭ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ምን ትሠሪያለሽ? ገና አልተደወለም እኮ።»

«እስኪደወል ነው፣ ቲቸር» አለች። «ከዚያ እኔም አርፋጅ።»

ስርጉት ሄዳ ከጎኗ አጥሩን ተደገፈች።

«ጋሽ ዳበሳ፣ በሩን ይዝጉት!»

«አምስት ደቂቃ ይቀራል እኮ!»

«ይዝጉት አልኩ! እኔም አርፍጃለሁ።»