አሜሪካ ከወንድሟ ሱቅ የወጣች ዕለት

ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር በራሴ ሱቅ እየነገድኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆበርግ ከተማ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እማር ነበር። አንዱን ትምህርት አንዴ ወድቄዋለሁ፤ ደግሜ ከወደቅኩ መባረሬ ነው። የቀረኝ ፈተና፣ ተማሪዎች ፊት ቆሜ የጥንቶቹ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች እንግሊዝን መኮረጅ ትተው በራሳቸው ድምፅ መጻፍ እንዴት እንደጀመሩ ማስረዳት ነበር። ንግግሬን ቀድሜ ለመምህሯ ብልክላት፣ "ይሄ የማን ድምፅ ነው?" ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው፤ ቃሉን ሁሉ ከድሮ መጻሕፍት ለቃቅሜ የእንግሊዝ ንግሥት የጻፈችው አስመስዬዋለሁ። ስለ ኮራጆች ስጽፍ ኮረጅኩ፤ ጉድ በል ጎንደር።

ለነገሩ ኮራጅነት ልማዴ ነው። እኔን ታናሽ እህቱን እዚህ ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ በታላቅህ ሱቅ ትሠራለህ፤ ቆይተህ የራስህን ትከፍታለህ። ስትከፍት ግን ሳሙናውም ዳቦውም እሱ ሱቅ በነበሩበት ቦታ ይቀመጣሉ። እኔማ ደንበኛን በዙሉ ቋንቋ "ሳውቦና" ብዬ ሰላም ስል እንኳ ድምፄን እንደሱ አወፍራለሁ፤ ሰዉ ጉንፋን የማይለቀኝ ይመስለዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሜ ሱቄ ይመጣና ቦታውን የለቀቀ የቆርቆሮ ዓሣ ካየ ይመልሰዋል።

የንግግሬ ቀን ታክሲ ያስረፍድሻል ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። የእሁድ ሱፉን ለብሷል። ውጭ ጠብቀኝ ብለው እሺ አለ፤ መምህሯ ግን እንግዳ በር ላይ አይቆምም ብላ አስገባችው። ሄዶ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጉብ አለ። ወይ ጣጣዬ!

ስቆም የሸመደድኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አፌ ላይ የመጣልኝ ሱቅ ብቻ ነው። እንግሊዝ ታላቅ ወንድም ነው፣ አሜሪካ ታናሽ እህት ናት አልኩ። ታናሿ ሱቅ ከፈተች፤ መደርደሪያው ግን የወንድሟ ነው። ደጇ ላይ ያለውን ጫካ ትታ በዓይኗ አይታው የማታውቀውን የእንግሊዝ ወፍ ትሸጣለች። ደንበኛው የሰፈሬ ወፍ የለሽም ወይ ይላታል። ክፍሉ ሳቀ። ቀስ በቀስ የራሷን ጫካ፣ የራሷን ገበሬና መርከበኛ ወሬ መደርደር ጀመረች፤ ደንበኛዋም ይሄማ የኛ ነው አለ አልኩ።

ወንድሜ እጁን አውጥቶ ተነሣ። የሱቅ እንግሊዝኛው ቀላል አይደለም። ለታናሿ የመጀመሪያውን ዕቃ የሰጣት ማነው ብሎ መምህሯን ጠየቃት። እንግሊዝ አለችው። ታዲያ አመስግናለች ወይ አለ። ከዚያ እንግሊዝ ስንት እንደለፋ፣ ታናሽ ስንት እንደሚረሳ ያስረዳ ጀመር። እንግሊዝ ካትሌሆንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠበቃ እንዳለው መቼም አያውቅም። ግማሹ ክፍል ደገፈው፤ እኔ ላብ አጠመቀኝ፣ ተናደድኩም።

"ጋሼ፣ አመስግናለች" አልኩት። "ቋንቋውን ከሱ ነው የወሰደችው። ግን ድምፅ እያወፈሩ መኖር ሰለቻት።"

ለካ በአማርኛ ነው የተናገርኩት። መምህሯ ተርጉሚልን አለችኝ። ተረጎምኩ፤ የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፣ የራሴ። ወንድሜ ተቀመጠ።

አለፍኩ። መኪና ውስጥ ግን ደስታዬን ዋጥ አደረግኩት፤ አስቀየምኩት ብዬ። ካትሌሆንግ ልንገባ ስንል ታናሿ መጻፍ ስትጀምር ታላቁ ምን አደረገ ብሎ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ሳቀባት፣ በኋላ መጽሐፏን እየገዛ አነበበ አልኩት።

"እኔ እንግሊዝኛ መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም" አለ። ይህን ነግሮኝ አያውቅም። "አንቺ ስትጽፊ በምኔ ላነበው ነው?"

"በአማርኛ እጽፍልሃለሁ፣ ጋሼ።"

"እሺ" አለ። "ግን አታርዝሚው፤ ሱቅ አለብኝ።"