በመጀመሪያው ንክኪ የማይከፈት

ኮምፒውተር ለማስተማር ሐረር በተመደብኩበት ዓመት፣ ጀጎል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ላላቸው እማማ ዘይነባ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። ማውሱ የክፍሎቹ ፎቶ ላይ ሲያርፍ የክፍሉ ስም ብቅ ይላል፤ ሲጫኑት ገጹ ይከፈታል። ሁለት ሳምንት ለፍቼበታለሁ።

ያለቀ ዕለት ላሳያቸው ሄድኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ስላገኘሁት ዘው አልኩ። እማማ ደንገጥ ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ድረ ገጹን በንክኪ ስልካቸው ከፈትኩላቸውና እሳቸው አንዱን ፎቶ ነኩት። ስሙ ብቻ ብቅ አለ። ደግመው ሲነኩት ነው ገጹ የተከፈተው። አፈርኩ።

«ይቅርታ እማማ፤ ጣት እንደ ማውስ ሳይጫን ማረፍ አይችልም። ስለዚህ ስልኩ የመጀመሪያውን ንክኪ እንደ ማረፍ ቆጥሮት ነው። አስተካክለዋለሁ።»

እሳቸው ሌላ ፎቶ ነኩ። ስሙን ቀስ ብለው አነበቡ፤ ከዚያ ደግመው ነኩት።

«ምኑን ታስተካክለዋለህ?» አሉኝ። «ሰው ቤት ሲኬድ መጀመሪያ ደጅ ላይ አሰላሙ አለይኩም ይባላል። የሚገባው ግባ ሲሉት ነው። ስልኩ አደብ አለው።»

ከዚያ ገርበብ ወዳለው በር ዞር ብለው አዩ።

«ይልቅ አንተ ውጣና እንደገና ግባ።»