በስሜ አቤት ያለችው

ያን የእርሻችንን ካቦ እስከ ዛሬ ሳየው ደሜ ይፈላል። ቴፒ ገበያ ላይ ስንገጣጠም ምንም እንዳልተፈጠረ "ሰላም ነሽ ወይ?" ይለኛል፤ ዓይን አውጣ! እኔም ምራቄን ውጬ አልፈዋለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና እርሻ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ቋሚ ሠራተኛ ነበርኩ። ቋሚ መሆን እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ለቀማ ሲያልቅ ጊዜያዊው ወደ ጌጫም ወደ ሌላም ከተማ ይበተናል፣ ቋሚው ይቀራል። ልጆቼን ያለ አባት ያሳደግኩት በዚያች ሥራ ነው።

እርሻው ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ቡናው ቀልቶ ሰው ሲያጥር፣ የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ይተኛና ዘመዱ በስሙ ይለቅማል። ጠዋት ስም ሲጠራ ዘመድየው "አቤት" ይላል፤ ካቦው ፊቱን እያየ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። ደግነት ይመስለን ነበር። ወይ ጉድ!

ወባ ጥሎኝ ብርድ ልብስ ደራርቤ ስንቀጠቀጥ ካቦው ራሱ ደጄ ድረስ መጣ።

"ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ታይቼ የሐኪም ወረቀት አመጣለሁ፤ የሕመም ፈቃድ ይያዝልኝ" አልኩት።

"ምን ያጨቃጭቅሻል? እህትሽ ትተካሽ፤ አንቺ አርፈሽ ተኚ።"

መብቴን አውቀው ነበር እኮ! ሐኪም ካረጋገጠ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ እንደሚታረፍ የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን እሱን ላለማስቀየም እሺ አልኩ። ሞኝ ነኝ፣ ይኸው ነው።

ታናሽ እህቴ ሥራ ፍለጋ እኔ ዘንድ ከመጣች ገና ወሯ ነበር፤ ደስ ብሏት ሄደች። እኔም ጤና ጣቢያ ታይቼ መድኃኒቴን ይዤ ተኛሁ። በሳምንቱ ወባው ጭንቅላቴ ላይ ወጣና ሆስፒታል ተኛሁ። ስወጣ ሐኪሙ ጤና ጣቢያ ከታየሁበት ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ።

ሆስፒታል የተኛሁበት እንኳ በሕመም ፈቃድ ይያዝልኝ ብዬ ወረቀቱን አስተዳደር ቢሮ አስገባሁ። ኃላፊው መዝገቡን ገለጠ። ተኛሁ ባልኩበት ቀን ሁሉ ስሜ ላይ ምልክት አለ።

"ሆስፒታል ተኝተሽ ቡና ለቀምሽ? ወይ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ወይ በስምሽ ሌላ ሰው አስገብተሻል። ሁለቱም ማጭበርበር ነው።"

"ካቦውን ጠይቁት!" ብዬ ጮህኩ።

ተጠራ። ዓይን ዓይኔን እያየ "እኔ ስም ጠራሁ፣ አቤት ተባለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማንን ፊት ልለይ?" አለ። ውሸታም! እህቴን ቅርጫት ያስያዛት በገዛ እጁ ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው "ምስክር ካለሽ እንከራከርልሻለን" አለኝ። ያለችኝ ምስክር እህቴ ብቻ ነበረች። እራት ላይ ለመንኳት። "እሱ እንደላከሽ ተናገሪልኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም" አልኳት። የጎረሰችውን ዋጠች።

"አንቺስ ዘጠኝ ዓመት ሠርተሻል፤ እኔስ?" አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም። ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

የስንብት ደብዳቤዬን በተቀበልኩ ማግስት፣ ጠዋት፣ የሥራ ቦት ጫማዬን ልመልስ ወደ እርሻው ሄድኩ። ሠራተኛው ተሰልፏል። መዝገቡ የሚቀየረው ወር ሲያልቅ ነው። ካቦው ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ወደ መዝገቡ ተመልሶ የእኔን ስም ከነአባቴ ጠራ።

ከሰልፉ መሀል እህቴ "አቤት!" አለች።