ጠብቆ የሚነበብ

በማተሚያ ቤቱ እትዬ ሰረዝ ይሏታል። ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ካየች እረፍት የማታገኝ ሴት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ የሰው ጽሑፍ ስታርም ኖራለች። የአራሚ ሕጉ አንድ ነው፤ ፊደል ያስተካክላል፣ ሥርዓተ ነጥብ ያስገባል፣ ቃል ግን ከራሱ አይጨምርም። እሷም አንድም ቀን ጨምራ አታውቅም። ለዚህም ያመሰገናት የለም፤ አራሚ የሚታወሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያበሽቃታል።

ጣጣው የጀመረው ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ዐሥራ አንድ ዓመት የደከሙበትን መጽሐፍ ይዘው የመጡ ዕለት ነው። መጽሐፉ ስለ መኖር ነው። «ስለ ኑሮ ማለትዎ ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «የለም ልጄ፣ ኑሮማ ሁሉም ያውቀዋል» ብለዋት ሄዱ። መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ነገር ፈለጋት። ፍርሃት የሚፈሩት ነገር አለው ይላል፤ ውሻ፣ አለቃ፣ በሽታ። ጭንቀት ግን ይሄ ነው ተብሎ በጣት የሚጠቆም ነገር የለውም። የተጨነቀን ሰው ምን ሆንክ ቢሉት ምንም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ያስጨነቀው ያው ምንም ነው። እትዬ ሰረዝ እርሳሷን አስቀመጠች። እሷም እኮ እሑድ ከሰዓት ልብስ አጥባ ጨርሳ ቁጭ ስትል ሆዷን ባር ባር ይላታል። ባሏ «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ምንም» ትለዋለች፤ እሱም ወደ ሬዲዮው ይመለሳል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው አልገፋላት አለ። ዓይኗ ፊደል ሲለቅም ኖሮ፣ አሁን ከፊደሉ ኋላ ያለው ሐሳብ እየጎተተ ያስቀራታል። አንድ ገጽ አርማ ስታበቃ፣ ያረመችው ማን እንደሆነ ግራ ይገባታል፤ እርሳሱን የያዘው እጅ የሌላ ሰው እጅ ይመስላታል። ብግን አለች። በዚህ ዕድሜ ይሄ ምን የሚሉት ጣጣ ነው?

ሦስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ እንዲህ የሚል መጣ፤ «ሁሉ ከተወሰደበት በኋላ ሰው አለ።»

እንግዲህ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ጠብቆ ከተነበበ ይኖራል ማለት ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ተናገረ ማለት ነው። እሷ አላልታ አነበበችው። አለ? ምን አለ? የተናገረውስ የታል? ለመምህሩ ብትደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ማሽኑ ቆሞ እኮ ነው» ይላል። ያኔ ጎድሏል ያለችውን አንድ ቃል አስገባች። «ሁሉ ከተወሰደበት በኋላ ሰው ዝም አለ።» ደግማ አነበበችው። ልክ ሆነ። ድሮ የጀመረችውን የማታ ትምህርት አቁሚ ስትባል፣ ጠረጴዛዋ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ መተላለፊያ ላይ ሲጣል፣ እሷ ያደረገችው ይሄንኑ ነበር፤ ዝም ማለት።

መጽሐፉ በአንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ ከተጠረዘ በኋላ፣ የተዳረችው ልጇ ስልክ ደውላ «አባዬ አለ?» ስትላት፣ እትዬ ሰረዝ ስልኩን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ጠብቆ ነው የሚነበበው። መምህሩ ያን ሁሉ ዓመት የለፉት፣ ሰው ሁሉን ቢያጣ እንኳ መኖሩ አብሮት ይቀራል ለማለት ነው፤ እሷ ግን አፉን ዘግታ አስቀምጣዋለች። ራሷን ብትደበድብ ደስ ባላት።

ለሥራ አስኪያጁ ብትነግረው እጁን አወናጨፈ። «ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፣ አያነቡትም። ዝም በይ፣ እትዬ። ካወቁብን የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ጡረታሽ ሊደርስ አራት ዓመት ቢቀረው ነው።»

መምህሩ መጡ። መጽሐፉን ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ለእሷ ዘረጉላት።

«ዓይኔ አላነብ ብሎኛል። የሦስተኛውን ምዕራፍ መጨረሻ እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ሥራ አስኪያጁ ከጀርባቸው ቆሞ በዓይኑ ይለምናታል። አንዲት ቃል ዘላ፣ አንድ ፊደል አጥብቃ ብታነብ ያለቀ ነገር ነው። በዕድሜዋ ምርጫ የሚሉት ነገር እንዲህ ፊት ለፊቷ ቆሞ አፍጥጦባት አያውቅም፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው። ማን አምጡልኝ አለ?

«ሁሉ ከተወሰደበት በኋላ ሰው ዝም አለ» ብላ አነበበች።

የመምህሩ ፊት ጠቆረ። «ዝምን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ለምን?»

ላልቶ መስሎኝ ልትል ነበር። እሱም እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም።

«እውነት ስለመሰለኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው «እንግዲያው የራስሽን መጽሐፍ አትጽፊም?» አሉ። «ዐሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበትን የእኔን ምን አስነካሽ?»

እትዬ ሰረዝ መጽሐፉን እንደገለጠች ቆማለች። ይቅርታ ልትላቸው አስባ፣ ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ጻፍኩ እኮ፣ መምህር» አለች። «በሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ ቃል።»