እንሶስላ የቆፈሩልኝ ሰው

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ የሽንትና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ። መስኮት የለውም። ጥግ ላይ አንድ የውሃ ጣሳ ተቀምጧል።

የወሰዱኝ ላሊበላ ከተከራየሁበት ቤት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ መስታወትና ሽቦ አገኙ፤ እጄ ደግሞ እስከ አንጓው ቀልቷል። የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። ለማስተርስ ጥናቴ የእንሶስላ ሥር እቀቅላለሁ፤ ሴቶቹ ለሰርግ እጅና እግራቸውን የሚሞቁትን። ቀለሙን መስታወት ላይ አድርጌ ፀሐይ ሳስመታው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጠኛል። ያው ቀለም ቁስል የሚያመረቅዝ ተህዋስም ይገድላል። እንሶስላ የሚሞቅ ወንድ ግን በእኛ አገር የለም።

መርማሪው እጄን ገልብጦ አየና፣ ከተማው ውስጥ የተበተነውን መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት በቀይ ቀለም የጻፍከው አንተ ነህ አለኝ። እኔ ብልጥ ነኝ ባዩ፣ እውነቱን ብናገር የምፈታ መስሎኝ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ሥሩን ማን ይቆፍርልሃል ሲለኝ የሚቆፍሩልኝን ገበሬ ስም ከነቀያቸው ነገርኩት። አይ የኔ ነገር!

በሦስተኛው ቀን እኚያን የገነተ ማርያም ገበሬ ገፍትረው አስገቧቸው። ውስጥ እግራቸው ተገርፎ ተተልትሏል። ደህንነቴን ጠየቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እግራቸው መግል ይዞ መሽተት ጀመረ። ሐኪም ብንለምን የሚሰማን ጠፋ። ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ግን ለእኔ ሊያመጡት የቆፈሩት ሥር ተቋጥሮ ነበር፤ ፈታሾቹ ዝንጅብል መስሏቸው ትተውላቸዋል። በጣሳው ቂጥ ወቀጥኩት፤ ሸሚዜን ቀድጄ ቁስሉ ላይ አሰርኩላቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ እንጂ በሰው ላይ ሞክሬው አላውቅም። እያሰርኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው ተናገርኩ።

«ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ። መርማሪው ነግሮኛል። ጠበቅ አድርገህ እሰረው።»

በማግስቱ ጠሯቸው። ወረቀቱን ሲበትን ያየሁት መምህሩን ነው የሚል ጽሑፍ አቅርበው፣ አሻራህን አድርግና ወደ ቤትህ ሂድ ብለዋቸዋል። እያነከሱ ተመለሱ።

«ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጣቴን አልሰጥም አልኳቸው» አሉኝና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ገብሳቸው አጫወቱኝ፤ ውርጭ እንዳይመታው ሰግተዋል። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸው ያላዩ መስለው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በነጋታው ወዳላወቅሁት እስር ቤት አዛወሯቸው። ጨርቁ እግራቸው ላይ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። እኔ ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ።

ጥናቱን ጨረስኩት። የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸውን ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት፤ አንዴ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። አሁንም ገበያ ውስጥ የሚያነክስ ሽማግሌ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ገነተ ማርያም ሩቅ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ግን ሄጄ በራቸውን አላንኳኳሁም። ሚስታቸው «አልተመለሱም» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ራሳቸው ወጥተው «ግባ» ቢሉኝ ደግሞ ይብስብኛል።